እህቴን ያስቀራት ሙገሳ

ተናድጄ ስጽፍ እጄ እንደማይደክም አሁን ነው ያወቅኩት። ደስ ይላል።

እህቴ አስር አለቃ ናት፤ የጦር ሬዲዮ ትጠግናለች። ለእረፍት ደባርቅ ስትመጣ እንኳ ስልኳ ከጠራ፣ ጋቢዋን እንደተከናነበች ብድግ ብላ ነው የምታነሳው። «ኧረ አያይሽም፣ ተቀመጭ!» ስላት እጇን ታወናጭፍብኛለች። ደዋዩ አለቃዋ ነው፣ ሻለቃው። የሆነ ሬዲዮ እምቢ ብሎታል። እዚህ ላይ አንቱ አልለውም፤ የራሴ ጽሑፍ ነው።

እህቴ የምትፈልገው የመኮንንነት ኮርስ መግባት ብቻ ነው። ሥራ ያስለመደቻቸው ሁለት ወንዶች ገብተው ተመርቀዋል። አሁን ሰላምታ የምትሰጣቸው እሷ ናት! እሷ ስትጠይቅ ግን ሻለቃው፣ «አንቺ ቀኝ እጄ ነሽ፤ ቀኝ እጄን ቆርጬ ልላክ?» ይላታል።

ለፋሲካ እህቴ እረፍት መጥታ ሳለ፣ ሻለቃው ዘመዶቹን ሊጠይቅ እዚሁ አጠገባችን ዳባት መጥቶ ኖሮ እኛም ቤት ብቅ አለ። አባቴ ወንበሩን ለቀቀለት። እናቴ የአባቴን ድርሻ፣ የዶሮውን ፈረሰኛ፣ አውጥታ ሰጠችው። እሱም እየጋጠ፣ «እንደ ልጄ ነው የማያት፤ ኮትኩቼ ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አለ።

«እግዜር ይስጥልን» አለ አባቴ ጎንበስ ብሎ።

እኔ ሆዬ አላስቻለኝም። «ሻለቃ፣ ልጅዎ ከሆነች ለምን ኮርሱን ከለከሏት?»

«አንች ልጅ!» አባቴ ጮኸ።

ሻለቃው ሳቀ። «ይቺ ደግሞ ጠበቃ ናት እንዴ? እሷ ከሄደች ማን ይሠራልኛል?»

እህቴ ብድግ አለች። በሀበሻ ቀሚሷ፣ ቀጥ ብላ። «ሁለቱን ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ፣ ሻለቃ። የሚተካኝ ሰው ይስጡኝ፤ አሠለጥነዋለሁ። ከዚያ ይላኩኝ።»

አጥንቱን አስቀመጠ። «እሺ... እናያለን።»

እናያለን! እሱ እንደወጣ ጓዳ ገብቼ ሳህኖቹን እያንኳኳሁ ሳጥብ፣ እህቴ ከኋላዬ አቀፈችኝ። ትስቃለች።

«ሰማሽው?»

«ምኑን? ሌላ ወንድ ልታስተምሪለት ነው!»

«እስከ ዛሬ አይሆንም ነበር የሚለኝ።»

«ለዚህች ነው የምትስቂው?»

«አዎ» አለችና ሳህኑን ተቀብላኝ ማድረቅ ጀመረች።

ተተኪው መጥቶላታል፤ እያስተማረችው ነው። «ፈጣን ልጅ ነው» ትለኛለች በስልክ፣ ደስ ብሏት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄው ነው። የኮርሱ ጊዜ ሲደርስ ሻለቃው ከእሷና ከተተኪዋ ማንን እንደሚልክ ሳላይ አልበርድም።