በነብሩ አፍ ቤት የሠራችው ተርብ

ውቤ በረሃ የነበረው የእትዬ አሰፋች መጠጥ ቤት በሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም። እኛ ግን ነብሩ ቤት እንለው ነበር፤ ከባንኮኒው በላይ አፉን ከፍቶ የቆመ፣ ጭድ የተሞላ ነብር ነበራቸውና። ባላቸው አቶ አጥናፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጦር ወግቼ የጣልኩት ነው እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ፎክረውበታል። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ከቆዳ ነጋዴ ሲገዙት አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የሚጠጣበት ቤት እንዳያጣ ዝም አለ።

በደርግ ጊዜ፣ አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ አንዲት ተርብ በጣሪያው ቀዳዳ ጭቃ እያመላለሰች ነብሩ ጉሮሮ ውስጥ ቤት መሥራት ጀመረች። መስኮቱማ አይከፈትም፤ ወሬያችን ቀበሌ እንዳይደርስ እትዬ አሰፋች ዘግተውታል። ጎረቤታቸው ባለሱቁ ኑሪ ጎጆዋን ሊያፈርስ መጥረጊያ ይዞ ቢመጣ ከለከሉት።

«ተዋት። ባል የላት፣ ረዳት የላት፣ ብቻዋን ነው የምትለፋው።»

ኑሪ ነብርም ብቻውን አይደል የሚያድነው ብሎ ተከራከረ። ሙግቱ ከዚያ ተነሣ። ነብር የገደለውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ እሷ ሸረሪት ወግታ፣ አደንዝዛ፣ ጭቃ ቤቷ ውስጥ ትከታለች። ግማሾቻችን ቆዳው ያምራል፣ ግርማ አለው ብለን ለነብር ወገንን። እትዬ አሰፋች ብርጭቆ እየወለወሉ ፈረዱ። ነብር ያደነውን ራሱ ይበላል፣ በልቶም ይተኛል፤ እሷ ግን ሁሉንም ለልጇ አስቀምጣ በሩን ትመርጋለች። ከሁለቱም ዓይነት ጋር ኖሬያለሁ አሉ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአቶ አጥናፉ ፎቶግራፍ ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወርቅአፈራሁ ነብሩን ተመኘው። የፊውዳል ጌጥ ስለሆነ ይወረሳል አለ፤ እንደ እኔ ግምት ግን ቢሮው ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ሊያቆመው ነው። እትዬ አሰፋች ፊታቸው አመድ መሰለ። ነብሩ ከሄደ ደንበኛው ይሄዳል፣ ደንበኛው ከሄደ ጦማቸውን ማደራቸው ነው። ቢለምኑት አሻፈረኝ አለ።

ጥበቃዎቹን አስከትሎ መጣ። ከማውረዱ በፊት ንግግር አማረውና ወንበር ላይ ወጣ። የሰፊው ሕዝብ ክንድ እንዲህ ያለ ጥርስ አይፈራም ብሎ እጁን እስከ አንጓው ነብሩ አፍ ውስጥ ከተተ። ተርቧ ደግሞ ቤቷ ነበረች።

ጩኸቱ ጊዮርጊስ ድረስ ተሰማ ይላሉ። እኔ ማጋነን አልወድም፤ ድልድዩ ጋ ግን ደርሷል። ከነወንበሩ ወደቀ፣ እጁ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ጥበቃዎቹ መሣሪያቸውን ነብሩ ላይ ደገኑ።

«ተርብ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉት እትዬ አሰፋች በትሕትና።

ዞር ዞር ብሎ አየን። ተርብ ናት ቢል በተርብ የጮኸ ሊቀመንበር ሊባል ነው፤ ነብር ነው እንዳይል ሞቷል። በመጨረሻ አደገኛ ንብረት ስለሆነ ባለበት ይቆይ ብሎ ወሰነና እጁን አቅፎ ወጣ። በማግስቱ አራዳ በሙሉ የሞተ ነብር ሊቀመንበር ነከሰ እያለ ሲስቅ ዋለ።

ተርቧ ግን በእጁ ተጨፍልቃ ባንኮኒው ላይ ወድቃ ነበር። እትዬ አሰፋች በብርጭቆ ማስቀመጫ አነሷትና አለቀሱ። ለአቶ አጥናፉም እንዲያ ሲያለቅሱ አላየሁም። የጭቃ ቤቷን የሚነካ እዚህ ቤት ዳግመኛ እንዳይጠጣ አሉ።

ከሳምንታት በኋላ፣ ቀበሌውን ስናማ፣ ጭቃው ተበሳና አንዲት አዲስ ተርብ ከነብሩ አፍ ወጣች። እናቷ ትመላለስበት የነበረውን የጣሪያ ቀዳዳ አታውቅምና ከግድግዳ ግድግዳ ትላተም ጀመር። እትዬ አሰፋች ከባንኮኒው ጀርባ ወጡ፤ ሐሜታችንን ሳንጨርስ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ተዘግቶ የኖረውን መስኮት ከፈቱላት።