«አጥፋ!» የምትለው ሴት

ላብራቶሪያችን ውስጥ ለባልደረባዬ «ጨለሜ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ የተወ ሰው፣ ፕሮፌሰሩም ቢሆኑ፣ ከምላሷ አያመልጥም። «ቤታችሁ በር የለም እንዴ?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሥራችን ጨለማ ይፈልጋል። የነርቭ ሴል ላይ ቀለም እንጨምራለን፤ ሴሉ የኤሌክትሪክ ምልክት በላከ ቁጥር ቀለሙ ብልጭ ይላል፣ ካሜራው ይቀዳል። ቀለሙ እንዲታይ ግን የእኛ መብራት ያስፈልገዋል፤ ያው መብራት ደግሞ ሲቆይበት ሴሉን ይገድለዋል። ስለዚህ እሷ እስክሪኑ ላይ አፍጥጣ «አብራ!» ስትል አበራለሁ፤ ወዲያው «አጥፋ!» ስትል አጠፋለሁ። ትንሽ ከዘገየሁማ ወየው ለእኔ! «ጨረስካቸው እኮ፣ እጅህ ይቆረጥ!»

እዚህ ሥራ ላይ ሙጭጭ ያለችው በታናሽ ወንድሟ ምክንያት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። መድኃኒቱ ሁሉ እምቢ ሲል ሐኪሞቹ ሕመሙ የሚነሳበትን የአንጎሉን ክፍል ቆርጠው ሊያወጡለት ወሰኑ። ከሚወጣው ላይ ቁራጭ ወደ እኛ እንዲመጣ የፈቀደው ራሱ ነው። በቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት የሆስፒታል ጋውን ለብሶ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣

«እታለም፣ ዕድሜዬን ሙሉ መሬት ላይ ሲደፋኝ የኖረውን ጉድ እስቲ በዓይንሽ እይልኝ። ስነቃ ትነግሪኛለሽ» አላት።

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ቁራጩ በረዶ ውስጥ ሆኖ መጣልን። በስሱ ቆረጠችው፣ ቀለሙን ጨመረችበት፣ በሕይወት የሚያቆየው ፈሳሽ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው። ልንጀምር ስንል ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ከቀዶ ጥገናው ሳይነቃ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ አርፏል።

«በእናትሽ ተይው። እንሂድ» አልኳት።

«ይሄ እኮ ገና አልሞተም» አለችኝ ወደ ሳህኑ እያየች።

ስልኳን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እይልኝ ብሎኛል። አብራ።»

አበራሁ። ሴሎቹ እስክሪኑ ላይ ብልጭ፣ ብልጭ አሉ፤ አንዱ ሲጀምር ጎረቤቶቹ እየተከተሉት። እንደዚያ የጠራ ምልክት አይቼ አላውቅም። ሞቷል ብለው የደወሉልን ሰው እዚህ ብልጭ ይላል! ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ጠበቅኳት። «አጥፋ» አላለችም።

«ኧረ ጨለሜ፣ እየሞቱ ነው!»

ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል።

«ትንሽ ልየው» አለች።

ብልጭታው እየሳሳ፣ እየተራራቀ ሄደ። አንዱ ጥግ ላይ ያለ ሴል ብቻ ትንሽ ታገለ። ከዚያ እሱም ተወው። እጄን አልለቀቀችም፤ ዓይኗንም ከጠቆረው እስክሪን ላይ አላነሳችም።

ፕሮፌሰሩ መርዶውን ሰምተው እየሮጡ መጡና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። የኮሪደሩ ብርሃን ሳህኑ ላይ ሳይቀር ገባ። ሁለታችንም ደንግጠን እሷን አየናት።

ምነው ጮኻ በሰደበችን! ምንም አላለችም።