የሲጋራ ማቆሚያው ኪኒን ያሳበደኝ ሰሞን

እብድ አይደለሁም። መጀመሪያ ይሄ ይያዝልኝ። ኪኒን ነው እንዲያ ያደረገኝ፤ ኪኒኑን ስተው ተሻለኝ፤ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ግን ይችን አጭር ነገር እስከ መጨረሻዋ የሚሰማኝ ሰው ባሕር ዳር ሙሉ አጣሁ።

ሥራዬ ጣና ላይ ጀልባ መንዳት ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ባሕር ዳር፤ ጠዋት የቡና ጆንያ፣ ከሰዓት ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ነው የተውሁት፤ ሲጋራን ግን በደንብ ተምሬአለሁ። ሞተሩ ቤንዚን ይሸታል፣ እኔ ሲጋራ እሸታለሁ፣ ተስማምተን እንኖር ነበር።

ከዚያ ልጅቱ መጣች። የዘጌ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ኮሌጅ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ ጀልባ ወደ ቤተሰቦቿ ትሻገራለች። አባቷ መሪጌታ ናቸው። ሽማግሌ ብልክባቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ልጄን አያገባም። ይተውና ይምጣ።» አልተቀየምሁም። የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፣ ሌላ ምን ይበሉ? ልተው ወሰንሁ።

መጀመሪያ በራሴ ሞከርሁ። ማስቲካ አኘክሁ፣ ቆሎ ቆረጠምሁ፣ መንጋጋዬ ሊወልቅ ደረሰ፤ አልሆነልኝም። አንድ ጓደኛዬ «አሁን እኮ ማስተዊያ ኪኒን አለ፣ ሐኪም ያዝልሃል» አለኝና ክሊኒክ ሄድሁ። ሐኪሙ ስልኩን እየነካካ፣

«ማጨስ ከጀመርህ ቆየህ?» አለኝ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ዶክተር።»

«እንግዲህ ይሄን ጠዋትና ማታ ምግብ በልተህ ትውጣለህ። ትንሽ ሊያቅለሸልሽህ ይችላል። አይዞህ።»

አለቀ። ስለ ሆዴ ነገረኝ፤ ስለ ጭንቅላቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

መድኃኒቱ ሠራ፤ አልዋሽም። ጥቂት ቆይቶ ሲጋራው አፌ ላይ ገለባ ገለባ አለኝ። ፓኮውን ጨምድጄ ጣልሁት። እናቴ እልል አለች።

ከዚያ ሌላው ነገር መጣ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ከሐይቅ የሰመጠ ሰው ሲያወጡ አያለሁ፤ ፊቱን ሲያዞሩት እኔ ነኝ። ቀን ደግሞ ሰው ሲስቅ በእኔ የሳቀ ይመስለኛል። እናቴ ሽሮ ስታቀርብልኝ «ምን ጨመርሽበት?» ብዬ ሰሃኑን ገፋሁት። አባቴ ሲቀበር ያላለቀስሁ ሰውዬ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ፤ ሹፌሩ ደንግጦ ሂሳብ ሳይቀበለኝ አወረደኝ።

ለእናቴ ነገርኋት። «እማ፣ ጭንቅላቴ ልክ አይደለም።»

«ሲወጣ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የሲጋራው ጋኔን ነዋ! ስንት ዘመን ጎጆ ቀልሶብህ ኖሮ ዝም ብሎ የሚወጣ መሰለህ? ታግሎ ነው የሚወጣ። አንተ ብቻ ኪኒንህን እንዳታቋርጥ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው መድኃኒት ወስዶ ሲብስበት መድኃኒቱን ይጠረጥራል። እኛ ቤት ግን በባሰብኝ ቁጥር ደስታ ነው። ጎረቤት ገብቶ ያየኝና «እሰይ፣ ተንቀጠቀጠ! ሊለቀው ነው!» ይላል። ኪኒኑን በውሃ የምታቀርብልኝ እናቴ ናት፤ እስክውጠው ቆማ ታየኛለች። በክፋት ቢሆን እኮ አንድ ሰው ይዤ እሰድብ ነበር። በፍቅር ነው፤ ማንን ልስደብ? ክሊኒኩ ደወልሁ። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ «ዶክተር ሥራ ላይ ናቸው፤ ኪኒኑን ጨርስና ና» አለችኝ። እሷም ጨርስ፣ እናቴም ጨርስ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጀልባው ሞልቶ ከዘጌ ስመለስ፣ ሐይቁ መሃል፣ ማዕበል የለ ምን የለ፣ «ግባ» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ድምፅ አይደለም። የራሴ ሐሳብ ነው፤ «ውሃ ጠማኝ» እንደሚባለው ያለ ተራ ሐሳብ። ሞተሩን አጠፋሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ጫማውን ለምን እንዳወለቅሁ እስካሁን አልገባኝም። ተሳፋሪው ሞተር የተበላሸ መስሎት ያጉረመርማል። አንዲት ቡና ነጋዴ ሴትዮ «አንተ ልጅ፣ ልትታጠብ ነው? ቤትህ ታጠብ፣ ገበያው አለፈብን!» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱን እግሬን አሻግሬ ነበር። ከኋላዬ የነበረ ዲያቆን ቀበቶዬን ይዞ ጎትቶ ጆንያው ላይ ጣለኝ። ታገልሁት፣ ጮህሁ። ምን እያልሁ እንደጮህሁ አላውቅም፤ ሴትዮዋ ግን ከዚያ በኋላ በእኔ ጀልባ ተሳፍራ አታውቅም።

ጀልባው ላይ የልጅቱ አጎት ነበሩ።

ጠበል ወሰዱኝ፤ እዚያው ዘጌ፣ ከሐይቁ ዳር። አጥማቂው አባት መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «መድኃኒት ትወስዳለህ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ» አልሁ። «እዚህ እስካለህ አቁም። ሥርዓታችን ነው፤ ጠበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም።» እናቴ ኪኒኑን ከመቀነቷ ፈትታ አስረከበች።

ይሄ ሥርዓት ስንቱን የስኳር በሽተኛ፣ ስንቱን እውነተኛ የአእምሮ ሕመምተኛ መድኃኒቱን አስጥሎ እንደጎዳ አውቃለሁ፤ የሠፈራችን ሰው እንዲሁ ሆኖ ተቀብሯል። እኔን ግን አዳነኝ። ቀስ በቀስ የሰመጠው ሰውዬ ከሕልሜ ጠፋ። ሽሮው ሽሮ ሆነ። እናቴ «ጋኔኑ ወጣ» አለች። ጠበሉን አልክድም፤ እግዚአብሔር በፈለገው መንገድ ይሠራል። ግን አፌ ውስጥ ማን ምን እንደጨመረብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቼ ተመልሰው ሄዱ። «ሲጋራውን ትቷል» አሉ። መሪጌታው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና «ወንድሜ ጀልባ ላይ ያየውን ነግሮኛል። ለመሆኑ በዘሩ እብድ አለ?» ብለው ጠየቁ። እኛ ዘንድ ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል፤ ለዝምድናው ብቻ አይደለም፣ ለበሽታውም ነው። ሽማግሌዎቼ «የለም» ቢሉ ማን ይስማቸው? እናቴ ራሷ «ልጄን ጋኔን ለቀቀው» ብላ ለመንደሩ ሁሉ በደስታ አውርታ ጨርሳለች። አንዴ የለቀቀ ጋኔን ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል።

በንዴት ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። «ዶክተር፣ ዘጌ ድረስ ይምጡልኝ። ለመሪጌታው መድኃኒቱ ነው ይበሉልኝ፤ አንዲት ቃል!»

«እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን የሆንሁትን ስነግረው ስልኩን አስቀመጠ። «አዎ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ያደርጋል። ቅዠት፣ ድብርት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ። የታወቀ ነው።»

«የታወቀ ነው? ማን ነው ያወቀው?»

«ባለሙያ ያውቀዋል።»

«የሚውጠውስ?»

«ብነግርህ ፈርተህ አትወስደውም ነበር። ብዙው ሰው ምንም አይሆንም። ሲጋራውስ ይገድልህ የለ?»

«ሲጋራው ቢያንስ ፓኮው ላይ እገድላለሁ ብሎ ጽፏል!» አልሁት። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ደጅ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እንዴት እንዳዩኝ አውቃለሁ። እንደ እብድ ነው።

ብነግርህ ትፈራለህ! ልፍራ እንጂ! የምፈራው እኔ፣ የምሰምጠው እኔ። ቢነግረኝ እናቴን አስቀምጬ «እማ፣ እንዲህ ካደረገኝ ጣይልኝ» እላት ነበር። ሌላ ምን ፈለግሁ?

በመጨረሻ ወግ ባይሆንም እኔው ራሴ መሪጌታው ፊት ቀረብሁ። ጉልበታቸውን ስሜ «አባቴ፣ ኪኒኑ ነው እንጂ ዘሬ አይደለም» አልኋቸው። ሁሉን ሰሙኝ።

«ሐሰት ትናገራለህ አልልም ልጄ» አሉ። «ግን የምሰጥህ ልጅ ነው። ዓመት ጠብቅ። ካልተመለሰብህ ትመጣለህ።»

ሰው ሁሉ «ደግ ፍርድ ነው» ይላል። ደግ ነው፤ እኔ ላይ ነው የከበደው። ዓመት ሙሉ መቆጣት አልችልም ማለት ነው። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ «ተነሣበት» ነው። ካለቀስሁ «ተነሣበት» ነው። ብዙ ከሳቅሁም ያው ነው። ስለዚህ ነው ወረቀት ላይ የምጮኸው፤ ወረቀት አጎት የለውም።

ባለፈው ወደቡ ላይ አንድ ደላላ ተሳፋሪዎቼን አስወርዶ ወደ ሌላ ጀልባ ጫናቸው። «ምን ታፈጣለህ?» አለኝ። «ሂድ ኪኒንህን ዋጥ!» ድሮ ቢሆን ሐይቁን አስጠጣው ነበር። አጎትዬው ከዋርካው ሥር ቆመው ያዩኛል። «ይቅናህ ወንድሜ» አልሁት። ጥርሴ እንዴት እንዳልተሰበረ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ደወለች።

«አጎቴ ነገሩኝ። ዝም አልህ አሉ።»

«ዝም አልሁ።»

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ።»

ይሄ «ጎበዝ» ከደላላው ስድብ ይልቅ ጠዘጠዘኝ። «አንቺ» አልኋት፣ «ኪኒኑ እንደሆነ ታምኛለሽ አይደል?»

«እንዴ፣ አምናለሁ እንጂ» አለች። ግን ቶሎ አላለችም። አጠገቤ አንድ ጀልባ ሞተሩን አስነሥቶ ከወደቡ እስኪወጣ ድረስ ቆይታ ነው ያለችው።

«ለምን ዘገየሽ?» ልላት አፌን ከፈትሁ። ድምፄ ከፍ ይልብኛል ብዬ ፈራሁ።

«እሺ፣ ቅዳሜ» ብዬ ዘጋሁት።