ቀዶ ክፍሉ ተቆልፎ በነበረ ጊዜ

መጀመሪያ ያመመኝ ትከሻዬን ነው። ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ሻሽና ሽርጥ እሸጣለሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ከአዲስ አበባ የተላከልኝን ጥቅል ጨርቅ ከመኪና አውርጄ ስለነበር ከሸክሙ ነው ብዬ ናቅሁት። ረፋዱ ላይ ከእምብርቴ በታች በአንድ ወገን ይወጋኝ ጀመር። ጨጓራ ያለብኝ ሰው ስለሆንኩ እሱንም በጨጓራዬ አሳበብኩ። የወር አበባዬ ዘግይቶ ነበር። በኋላ ትንሽ ደም ሳይ ግን መጣ ብዬ ዝም አልኩ። ሦስቱን ነገር አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። ይህን የምጽፈውም ሌላዋ ሴት አንድ ላይ እንድታስባቸው ነው።

እትዬ አስካለ ከሱቄ አጠገብ ሻይ ቤት አላቸው። ከሰው ጋር ሲጨዋወቱ ቆይተው ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «ዘይኑ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አሉኝ።

«ሙቀቱ ነው እትዬ» አልኳቸው።

ልነሳ ስል ራሴን አዞረኝና ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ባጃጅ ውስጥ መሆኔን ነው። ራሴ የእትዬ አስካለ ጭን ላይ ነበር። እሳቸው ሹፌሩን ፍጠን ይላሉ፤ ደግሞ መለስ ብለው ቀስ በል ይላሉ።

የወሰዱኝ መንግሥት ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠቅስም። እዚያ ያሉትን ሠራተኞች ማስወቀስ አልፈልግም፤ ጉድለቱም የእነሱ ብቻ እንዳልሆነ ኋላ ተረድቻለሁ። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለኝ ጠቅላላ ሐኪም ዶክተር ብሩክ ይባላል። ወጣት ነው። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። የደም ግፊቴን አስለካ። የሽንት ምርመራ አዘዘ። ከዚያ አልትራሳውንድ አነሳኝ። መሣሪያውን ሆዴ ላይ ደጋግሞ አንሸራተተ።

«እርጉዝ ነሽ» አለኝ። «ጽንሱ ግን ማሕፀንሽ ውስጥ አይደለም። የማሕፀን ቱቦው ውስጥ ነው የተቀመጠው። ቱቦው ሳይቀደድ አልቀረም፤ ሆድሽ ውስጥ ደም አለ። ትከሻሽን የሚያምሽም ለዚህ ነው።»

ማርገዜን የሰማሁት እንደዚህ ነው።

«ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል። አሁኑኑ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ልጄ?» አሉት እትዬ አስካለ።

«ክፍሉ አለ እትዬ። የሚሠራበት ሰው የለም።»

ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። ሰመመን የምትሰጠዋም ከእሱ በፊት ሥራ ለቃለች። ቦታቸው አልተተካም። ወደ አምቡላንሱ ሲገፉኝ በቀዶ ክፍሉ በር በኩል አለፍን። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ውስጥ ያለው አልጋ ይታያል።

ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ተባልኩ። በሁለቱም እጆቼ ግሉኮስ ተሰካልኝ። አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ታደለች አብራኝ ወጣች። ባለቤቴ ሁሴን ከከተማው ወጣ ብሎ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ተደውሎለት ሲሮጥ የደረሰው የአምቡላንሱ በር ሊዘጋ ሲል ነው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ዶክተሩን አየው። ዶክተሩ ለሲስተር ታደለች የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጣትና ዞሮ ወደ ውስጥ ሮጠ።

«ኧረ ዶክተር! አንተስ አትሄድም?» ብሎ ሁሴን ጮኸ።

በሩ ተዘጋ።

መንገዱ ሽቅብ ነው። ጠመዝማዛ ነው። ከፊታችን የጭነት መኪና ነበር። ሳይረኑ ይጮኻል። የጭነት መኪናው የሚሸሽበት ጥግ የለውም። ብርድ ብርድ አለኝ። ደብረ ሲና ደርሰን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ገና ቆላው ላይ ነበርን። ብርዱ ከውስጤ ነበር። ሲስተር ታደለች ግፊቴን ትለካለች። ቁጥሩን አትነግረኝም። «ዘይነባ፣ አናግሪኝ። የልጅሽ ስም ማነው?» ትለኛለች። ሐያት እላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ያንኑ መልሳ ትጠይቀኛለች። ሁሴን እግሬን ይዞ ያለማቋረጥ ዱዓ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «ሐኪሙ ለምንድነው ያልመጣው?» አላት።

«የጭንቅላት ወባ የያዘው ሕፃን ገብቶ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለችው። «ዛሬ ያለው ሐኪም እሱ ብቻ ነው።»

እኔ ሰማሁ። እሱ የሰማ አይመስለኝም።

ከጣርማ በር ዋሻ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ስነቃ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። አንዱ ቱቦዬ ወጥቷል። የሰው ደም ተሰጥቶኛል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ አልጋዬ አጠገብ ቆማ፣ «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ አንተርፍሽም ነበር» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ማገገሙ ሰው እንደሚያስበው ቁስሉ ሲደርቅ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ቁስሉ ቶሎ ነው የዳነልኝ፣ ደሜ ግን ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ከጓዳ ሳሎን ስሄድ ልቤ እንደ ሯጭ ሰው እየመታ፣ የብረት ክኒን እየዋጥኩ፣ ጉበትና ምስር እየተመገብኩ፣ ሱቄን እትዬ አስካለ ከሻይ ቤታቸው ጋር ደርበው እየጠበቁልኝ ብዙ ጊዜ አለፈ። ሐዘኑም የራሱ መንገድ ነበረው። የማላውቀውን ልጅ እንዴት ብዬ ላልቅስ? ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ እንኳን ነፍስሽ ተረፈ ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ፤ ሲወጣ ግን ሆዴን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሐያትም ሳትጠይቀኝ መጥታ አጠገቤ ትጋደማለች።

ሁሴን የተሸከመው ቁጣ ነበር። በየሄደበት፣ «ሚስቴን መኪና ላይ ወርውሮ ዞረ» ይላል። ስለ ሕፃኑ ነገርኩት። «እሱን ለራሱ ይንገረው» አለኝ።

ቆሜ መሥራት ስጀምር ከምክር ቤት የጤና ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ አባላት የመንግሥት ጤና ተቋማትን ሊያዩ መምጣታቸውና ነዋሪውም እንዲገኝ መባሉ ተሰማ። ሁሴን ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ሊከስ ነው። እኔም ሻሼን አስሬ ተከተልኩት። አዳራሹ ውስጥ የፊተኛው ወንበር ላይ የጤና ኃላፊዎች፣ ጎን ላይ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ተቀምጠዋል። ዶክተር ብሩክ ከነጋዎኑ ነበር፤ ከሥራ ተጠርቶ እንደመጣ ያስታውቃል። ሰብሳቢዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ነዋሪው ይናገር አሉ።

ሁሴን ቀድሞ ተነሳ። ያየውን ተናገረ። ውሸት አልጨመረበትም። «ስጮህለት እንኳ ዞሮ አላየኝም። ይህ ሐኪም ይጠየቅልን» ብሎ ተቀመጠ። ሰው አጉረመረመ። አንዳንዱ አጨበጨበ።

ሰብሳቢዋ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። ተነሣ። «የተባለው ትክክል ነው፤ አልሄድኩም» አለ። ስለ ሕፃኑ መናገር ሲገባው ዝም አለ። የሌላ ታካሚ ነገር አደባባይ ላይ ማውራት አልፈለገም መሰለኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «በቃ፣ አመነ» ሲል ሰማሁ።

ያን ጊዜ እጄን አወጣሁ። ባሌ አየኝ። በሰው ፊት ከእሱ ቃል ተቃራኒ ተናግሬ አላውቅም። ማይክራፎኑን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ታማሚዋ እኔ ነኝ» አልኩ። «ባለቤቴ ያየው እውነት ነው። ዶክተሩ ዞሮ ገብቷል። ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ሞትና ሕይወት መሀል ነበር፤ ይህን አብራኝ የሄደችው ነርስ ነግራናለች። ከእኔ ጋር ቢወጣ ያኛው በማን እጅ ይቀር ነበር? በሽታዬን ያወቀልኝ እሱ ነው። ጨጓራ ነው ብሎ ክኒን ሰጥቶ ቢመልሰኝ ዛሬ እዚህ አልቆምም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አልጋው የሚታይ ቀዶ ክፍል ለምን ተቆልፎ ቆየ? ይህን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ሆስፒታል ለምን በአንድ ሐኪም ዋለ?»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ኃላፊዎቹ ዞሩ።

«ጥያቄውን ሰምታችኋል። ይመለስ።»

አንደኛው ኃላፊ ስለ ሕንጻው እድሳትና ስለ ተገዙት አልጋዎች ጀመረ። ሰብሳቢዋ አቋረጡት።

«ስለ አልጋ አልጠየቀችም። ስለ ሰው ነው የጠየቀችው።»

ከዚያ ወዲያ የተባለው ሁሉ እውነት እውነቱ ነበር። የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የሚያመለክት የለም። የሚመጣውም ሙቀቱን ይችልና ቤት ያጣል። የተረኝነት ክፍያ ወራት ይዘገይበታል። ተረኛ ሆኖ አድሮ ጠዋት የሚተካው የለም። ሌላ ቦታ ሲያገኝ ይሄዳል። ዶክተር ብሩክ ሲጠየቅ፣ «እኔም ማመልከቻ አስገብቼ ነበር» አለ። «ክፍሉን ባዶ ትቼ መውጣት አቃተኝ።» ሰብሳቢዋ ኃላፊዎቹን ባለሙያ እስከ መቼ እንደሚመደብ ቀን ቁረጡ አሏቸው። ኃላፊዎቹ ሊያደበዝዙት ሞከሩ። እሳቸው ግን ቀኑ ሳይነገር ስብሰባው አይዘጋም አሉ። ተነገረ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁሴን ቀድሞኝ ይራመድ ነበር። ተቆጥቷል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ዘይነባ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ የምቆጣበት ሰው ነበር የፈለግሁት። ሌላ ያየሁት ሰው አልነበረም።»

በማግሥቱ ብቻውን ሆስፒታል ሄዶ ዶክተሩን አፉ በለኝ አለው። ዶክተሩም፣ «እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እጮህ ነበር» እንዳለው ነገረኝ።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። የተቆረጠው ቀን ማንም ሳይመደብ አለፈ። ኮሚቴው ለክትትል እንደገና መጣ፤ ያኔም ሄደን ጠየቅን። ከዚያ በኋላ ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ተመደቡ፤ ለሠራተኞቹም ከከተማው ቤት ተፈለገላቸው። ዶክተር ብሩክ ለስፔሻሊስትነት ትምህርት ሄደ። በእሱ ፋንታ ከመጡት ሐኪሞች አንዱ ብዙ ሳይቆይ ለቋል። እኔ እስካሁን አላረገዝኩም። በቀረው ቱቦ ማርገዝ ይቻላል ብለውኛል፤ ካረገዝኩ ገና ከመጀመሪያው በአልትራሳውንድ መታየት አለብኝ።

እህቶቼ፣ የወር አበባችሁ ከዘገየና በአንድ ወገን ሆዳችሁን ከወጋችሁ፣ በተለይ ራሳችሁን ካዞራችሁ ወይም ትከሻችሁን ካመማችሁ፣ አትጠብቁ። የወር አበባችሁ መዘግየቱን ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ። ሐኪም ያጣችሁ እንደሆነም በፊታችሁ ባገኛችሁት ሰው ላይ ከመጮኽ ያላገኛችሁት ሰው ለምን እንዳልተመደበ ጠይቁ። እትዬ አስካለን፣ ሲስተር ታደለችን፣ ደማቸውን የለገሱኝን ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች፣ ዶክተር ብሩክንም አላህ ይስጥልኝ እላለሁ።

በቅርቡ ሆስፒታሉ ደወለልኝ። ከቀወት ገጠር የመጣች ራሕመት የምትባል ሴት በእኔው ሕመም ተኝታ ነበርና ከጎኗ እንድሆን ነው። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከሰመመኑ ስትነቃ አፏ ደርቆ ነበር፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩላት። እናቷ ከግርጌ ቆመው ይጠብቃሉ።

«መኪናው መጣ?» አለችኝ።

«የምን መኪና?»

«ደብረ ብርሃን የሚወስደን።»

«አትሄጂም» አልኳት። «እዚሁ ተሠራልሽ፤ አልቋል።»

አላመነችኝም። ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁላት። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ተኛች።