ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ

ባለፈው ሳምንት ኡራኤል አካባቢ አንድ ክሊኒክ ስኳር ልለካ ገብቼ ነበር። የለካችኝ ልጅ ወረቀቱን አየችና፣ «አባባ፣ ምንም የለብዎትም። ለማንኛውም ከሦስት ወር በኋላ ብቅ ይበሉ» አለችኝ። ልጅቷ ምን ታውቃለች፤ ይቺን ቃል እሷ ሳትወለድ ሌላ ሰው ነግሮኛል።

ያኔ ካዛንቺስ ጎሚስታ ነበርኩ። ከሸምሱ ጋር አንድ ቆርቆሮ ሥር ጎማ እንለጥፋለን። ዛሬ ቦታው ሰፊ አስፋልት ሆኗል፤ በታክሲ ሳልፍ የቱ ጋ እንደነበረ እንኳ አይታወቀኝም። ሸምሱ አፉ አያርፍም፤ እኔ ደግሞ አንዴ የያዝኩትን አለቅም። ሰንጋ ተራ ልብስ የምትሰፋ ብርቅነሽ የምትባል እጮኛ ነበረችኝ። ለመስቀል ሽማግሌ ልልክ ተነጋግረን ጨርሰናል። የቀረው የደም ምርመራ ወረቀት ነው። ኤድስ ሰፈሩን እያጨደው ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑም ወላጁም ያንን ሳያይ አያጋባም። ብርቅነሽ አንድ ቀን ጠዋት ሄዳ ተመረመረችና ወረቀቷን በመሀረብ ጠቅልላ አምጥታ አሳየችኝ።

እኔ ግን የምፈራው ነገር ነበረኝ። ከእሷ በፊት ከአንዲት የቡና ቤት ልጅ ጋር ከርሜያለሁ። ልጅቷ ከሳች፣ ከዚያ አገሯ ገባች ተባለ። አገሯ ገባች ሲባል ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ሐምሌ ላይ በዝናብ ልመረመር ሄድኩ። ሸምሱ እስከ ሜክሲኮ ሸኘኝ። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛልኝ፣ ሳልቀምሰው ይዤው ሄድኩ።

«ብላ እንጂ፣ የሚያዩት ደምህን ነው፣ ሆድህን አይደለም» አለኝ።

ደሜን የወሰደችው ሲስተር ውጤቱን ይዛ በሩን ዘጋች። ወንበር ሰጠችኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ብቻህን ነው የመጣኸው? ከቤተሰብ ቅርብህ ማን አለ?» አለች። ቀጥላ፣ «ከቫይረሱ ነፃ ነህ። ለማረጋገጥ ግን ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ» አለችኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። አባቴ የሞተ ጊዜ የሰፈር ሰዎች ማልደው መጥተው አስቀመጡኝና፣ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ሄደህ ብትጠይቃቸው» አሉኝ። ድምፃቸው ልክ እንደ ሲስተሯ ነበር። ወደ አገሬ ቡታጅራ ስሄድ አውቶቡሱ ሲቆም፣ ለበሽተኛ ይሆናል ብዬ ብርቱካን ገዛሁ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ብርቱካኑን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ለቀስተኛው መሀል ፌስታል ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነገር በለስላሳ ድምፅ ሲነገረኝ ደህና አይመስለኝም።

«ነፃ ነህ ብላሃለች አይደል?» አለኝ ሸምሱ ሥራ ቦታ ስመለስ።

«ብላኛለች። ግን ወንበር ሰጠችኝ።»

«ታዲያ አቁማ ትንገርህ?»

«ቤተሰብ አለህ ወይ ብላም ጠየቀችኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሁሉንም ነው የምትጠይቀው። እኔንም ጠይቃኛለች፤ ይኸው አለሁ።»

«ለምን ተመለስ አለችኝ ታዲያ? ቀጭን ቀዳዳ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ስትነክረው አረፋ አይሰጥህም። አንተም ታውቃለህ።»

ሸምሱ በእጁ የያዘውን ጎማ አየ። «እሱስ እውነት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አልቀለደብኝም። ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ክረምቱን እንዴት እንዳለፍኩት አልነግራችሁም። ጎማ ሊያስለጥፍ በመጣ መኪና ሁሉ ስፖኪዮ መስታወት፣ ነጭ ነገር ወጣብኝ ብዬ ምላሴን አያለሁ። ቀበቶዬን በየቀኑ እለካለሁ። ነሐሴ ላይ ጉንፋን ያዘኝና በቃ አለቀልኝ አልኩ። መስቀልም አለፈ። ለብርቅነሽ ሦስት ወር ጠብቅ ተብያለሁ አልኳት።

«ነፃ ነህ አላሉህም?» አለችኝ።

«ብለውኛል።»

«እነሱ የለብህም ይላሉ፣ አንተ አለብኝ ትላለህ። እኔ ማንን ልመን?»

ወረቀቱን ሰጥቻት ብንጋባና በሽታው ቢኖርብኝ የገደልኳት እኔ ነኝ። ይሄን አፍ አውጥቼ ብነግራት ኖሮ ምናልባት ትረዳኝ ነበር። አልነገርኳትም።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያዎቹ አዝነውልኝ ዋሽተውኝ ይሆናል ብዬ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ወንድ ነው ያነጋገረኝ። እሱም በሩን ዘጋ፣ እሱም ወንበር ሰጠኝ፣ እሱም ነፃ ነህ ብሎ፣ ተጋልጠህ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ አለኝ። መቼ ተጋለጥክ ብሎ ቢጠይቀኝ እውነቱን እነግረው ነበር፤ እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አፍሬ ሳልነግረው ወጣሁ። ብርቅነሽ ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀቱ አልጠየቀችኝም። ስሄድ ቀና ሳትል ትሰፋለች፣ እኔም የስፌት መኪናዋን ድምፅ ሰምቼ እመለሳለሁ።

ጥር ላይ ወደ መጀመሪያዋ ሲስተር ተመለስኩ። አሁንም ነፃ ነህ አለችኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» ብዬ ሦስት ጊዜ ስጠይቃት ተነሥታ በሩን ከፈተችው። «ጤነኛ ነህ አልኩህ እኮ። ወረፋ ያለው ሰው ውጭ ቆሟል፤ ሂድ ሥራህን ሥራ» ብላ ተቆጣችኝ። ስትቆጣኝ አመንኳት። መርዶ የሚያረዳ ሰው አይቆጣም። ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ በፀሐይ፣ ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዤ።

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ጎማ ይፈታል። ቀና አላለም።

«ብርቅነሽ ቤት ትናንት ሽማግሌ ገብቷል» አለኝ። «ያንተ አይደለም። እሺ ብለዋል።»

ወንበር አልሰጠኝም፣ ድምፁንም አላለዘበም። ወዲያው አመንኩት።

ይኸው እስከ ዛሬ አልሞትኩም። ሦስቱም ወረቀቶች እውነታቸውን ነበር። ብርቅነሽ የልጅ ልጅ አይታለች ይላሉ፤ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ያመኛል። ሲስተሯ ያን ቀን በጥር የተቆጣችኝን በሐምሌ ብትቆጣኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ለሰው ማዘን ነው የተማረችው።

ባለፈው ሳምንት ከክሊኒኩ ስወጣ ታክሲ መያዣው ጋ አንዲት ሴት ብርቱካን ትሸጣለች። ስኳር የለብህም ከተባልኩ ልብላ ብዬ አንድ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሳምንት ሆነው፤ ልጣጩ መጨማደድ ጀምሯል። የክሊኒኳ ልጅ ስትነግረኝ ድምፅዋ በጣም ለስላሳ ነበር።