እናቴ ያልለኮሰችው ቡታጋዝ

እናቴ ቡታጋዟን ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል አልብሳ አስቀምጣው ኖረች። ሾላ ገበያ አጠገብ በነበረው ቤታችን ከእኛ ከልጆቿ ይልቅ እሱ የተሻለ ይለብስ ነበር። አንድ ቀን ከተለኮሰ ሰፈሩን በሙሉ አንስቶ ላምበረት ይጥለዋል ብላ ስለምታምን፣ ሻይ እንኳ ተጥዶበት አያውቅም። ወጡ በከሰል ይሠራል፤ ቡታጋዙ ለእንግዳ ይታያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ምንም ያልነካውን ምድጃ በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ስትወለውለው ታረፍዳለች። እኛ መስታወት አያስፈልገንም ነበር፤ ጢሜ መብቀሉን ያወቅኩት እሱ ላይ ነው።

ያ ቤት ሲፈርስ እሷ እህቴ ጋ ገባች፣ ቡታጋዙን ጎሮ ለምኖረው ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ቤት የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው።

"በአግባቡ ካልያዝከው መጥቼ ነው የምወስደው" አለችኝ። እናቴ ደግሞ ዝታ አትቀርም።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ደወለችና "ለምሳ እየመጣሁ ነው" አለች። ሮጬ ምድጃውን አየሁት። ከላይ የሽሮ ፍንጣሪ፣ ከሥሩ የፋሲካ ዶሮ ወጥ፤ ትንሽ ቢቆፈር የጥንት ሰው አጥንት ይወጣል።

"እማማ ዛሬ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ተሰናበተው" አለች ባለቤቴ እየሳቀች።

ሲሊንደሩን ዘግቼ ክዳኖቹንና የድስት ማስቀመጫ ብረቶቹን ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፈዘፍኩ። የተጋገረውን በአቼቶ አርሼ ፋቅኩ፣ የእሳቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በመርፌ ጠነቆልኩ። የወጣው እጣቢ የጎሮን መንገድ በሙሉ አስፋልት ያለብስ ነበር። የአቼቶው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ግን ቅዳሜ የሆነ መሰለኝ፤ የእናቴ ጨርቅ ሲያሽ፣ ከውጭ የበግ ነጋዴዎች ሲጯጯሁ ተሰማኝ። ዓይኔን ያቃጠለኝ አቼቶው ነው ብዬ አለፍኩ።

እናቴ መጣች። ሳትቀመጥ ወጥ ቤት ገባች። ምድጃው ያብረቀርቃል። ፊቷ ግን ጠቆረ።

"አትጠቀሙበትም እንዴ?"

"ኧረ እማዬ፣ በየቀኑ ነው!"

"ዝም በል፣ ውሸታም! ይሄ እኮ የኔ ሳሎን ውስጥ የነበረው ነው። እኔ ስፈራው ሳላበስልበት አረጀሁ። አንተ እንድታስጎበኘው ነው የሰጠሁህ? ለእህትህ ነው የምሰጣት!"

ለማሳመን ሲሊንደሩን ከፍቼ ክብሪት ጫርኩ። እምቢ አለ። ደገምኩ። ክዳኖቹ እርጥብ ናቸው።

"አየህ? አየህ?"

"እማማ፣ እርስዎን ፈርቶ እኮ ነው ጠዋቱን ሙሉ ሲፍቅ ያረፈደው!" አለች ባለቤቴ። የፀጉር ማድረቂያዋን አምጥታ ክዳኖቹን እንደ ሙሽራ አደረቀቻቸው። እንደገና ለኮስኩት፤ ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። እናቴ እስከ በሩ ሸሸች። ቆም ብላ አየችው፣ ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ ተመለሰች።

"አጥፋውና ክብሪቱን ወዲህ በለው።"

ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ለኮሰችው። ሰፈሩ ካለበት አልተነቃነቀም። እሷ ግን እንደ ልጅ ሳቀች፤ "ይኸው ነው እንዴ? ለዚህ ነው ዕድሜ ልኬን ጭስ የበላሁት?"

ሽሮ ጣድን። ወዲያው መንተክተክ ጀመረና በዚያ በነጣው ብረት ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጨርቄን ይዤ ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

"ተወው አንተ፣ ቁጭ በል" አለችና ወንበሯን ወደ እሳቱ አስጠጋች።