ከቬንቲሌተሩ የሸሸችው ፈቲያ

ዛሬ ጠዋት ፈቲያ የክፍላችን ኃላፊ ሆነች። የመጀመሪያ ትእዛዟም «ኤሲውን አጥፉልኝ» የሚል ነበር።

በድሬዳዋ ሙቀት ይህን የሚል ሰው ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

የእኛ ትራንዚት ቢሮ ያለው አንድ የጣሪያ ቬንቲሌተር ነው። ስድስታችን ጠረጴዛችንን ከሥሩ ገጥመን ስንቀመጥ፣ ፈቲያ ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥግ ላይ ላቧን እየጠረገች ሠርታለች። የተቀየመችን ይመስለን ነበር።

እኔ በበኩሌ ስለ መልካም ልማድ አራት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። አራቱንም ከቬንቲሌተሩ ሥር።

ዛሬ ወደ አዲሱ ቢሮዋ ልትዛወር ስትነሳ ግን አላስቻለኝም፤ «አንቺ፣ እዚያ ጥግ ምን አግኝተሽ ነው?» አልኳት።

«አቦ ተወኝ! ነፋስ ያለበት ቦታ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ከተሰበሰበ ወሬ ነው። ሙቀቱን እችለዋለሁ፤ እናንተን ግን ወላሂ አልችልም!»

አዲሱ ቢሮዋ ኤሲ አለው። ዕቃዋን እንኳን ሳታስገባ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» ልንላት ወንበር ይዘን ገብተን ተደላድለን ነበር። ትእዛዙ የመጣው ያኔ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከእሷ በቀር ቢሮው ባዶ ሆነ።

ከሰዓት ጠረጴዛዬን ወደ ድሮ ጥጓ ገፋሁ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ ሳምንት ያንከባለልኩት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ግን አልቋል።

እስካሁን ማንም መጥቶ «እዚህ ጥግ ምን አግኝተህ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ትንሽ ቅር ብሎኛል።

እናንተስ፣ ሥራችሁ እንዲሄድላችሁ ከየትኛው ምቾት ሸሻችሁ?